የሰው እጅ አልተገኘም

የፈትያ ልጅ ሦስት ቀኑ ነው፤ ነገር ግን ገና አልተወለደም። ፎቶው ላይ ዓይነ ውሃ አላረፈበትምና ስም የለውም፣ የክትባት ቁጥር የለውም፣ ባቡር የሚያሳፍረው ፈቃድም የለውም። በዚህ የሚገረም ሰው ድሬዳዋ ውስጥ የለም። የሰፈሩ ዓይን መጥታ እስክታትምለት ድረስ ሁሉም ሕፃን እንዲሁ ነው።

የደቻቱ ወንዝ ማዶ ሰፈር ዓይን ስምረት ናት። ረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ጫማዋን በር ላይ አውልቃ ገባች፤ "እንኳን በሰላም ተገላገልሽ" ብላ የፈትያን ጉንጭ ሳመች፤ ከዚያም አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ቀኝ መዳፏን ዘረጋች። መዳፍ ስልኳ እንደ ሁለተኛ ቆዳ እጇ ላይ የተለጠፈ ስስ ነገር ነው፤ ጣቶቿን ስትዘረጋ ይበራል፣ ስትጨብጥ ይጠፋል።

"አቦ ስምረት፣ ቶሎ በይ" አለ ረመዳን፣ የሕፃኑ አባት፣ ሻንጣ እየቆለፈ። "ባቡሩ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ይሄ ልጅ ከአሁኑ እንደ አባቱ ማርፈድ ከለመደ አለቀለት።"

ማንም አልሳቀም፤ ራሱም አልሳቀም። የሕፃኑ ልብ ቀዳዳ አለበት። ቀዶ ሕክምናው ያለው አዳማ ነው። የሕሙማን ባቡር ድሬዳዋ የሚቆመው በዘጠኝ ቀን አንዴ ነው። ሐኪሟ ደግሞ "ዘጠኝ ቀን አይጠብቅም" ብላ እቅጩን ነግራቸዋለች።

ፎቶ ብቻውን መታመን ካቆመ ሰባ ዓመት አልፎታል። ማሽን ያልተወለደን ልጅ አስቆ ያሳያል፣ ያልተደገሰን ሰርግ ከነእድምተኛው ያወጣል። ስለዚህ ፎቶ ቁም ነገር እንዲሆን አንድ የሰፈር ሰው ነገሩን በዓይኑ አይቶ፣ ፎቶውን አይቶ፣ አውራ ጣቱን አሳርፎ ይመሰክርለታል። መዳፍ ስልኩ ላይ ያለው አፕ የጣቱን የደም ትርታ ይወስድና ፎቶው ውስጥ ይሸምነዋል። ዓይነ ውሃ የሚባለው ይህ ነው፤ ፊት ለፊት ሲያዩት የማይታይ፣ ዘንበል ሲያደርጉት ግን እንደ ኩሬ ሞገድ ብልጭ የሚል ምልክት።

"እስቲ ግለጪልኝ" ማለት ነበረባት። ሕጉ መጀመሪያ ሰውየውን፣ ቀጥሎ ፎቶውን ይላል። ፈትያ ግን የሕፃኑን ፊት በሻርፕ ሸፍናዋለች።

"አሁን ነው እንቅልፍ የወሰደው" አለች፣ ዓይኗን ወደ ምንጣፉ ጥላ። "ፎቶውን ትናንት አንስቼ ልኬልሽ የለ?"

ስምረት አራስ ማስጨነቅ ከበዳት። እርግዝናውን ዘጠኝ ወር ሙሉ በዓይኗ አይታዋለች፤ ልጁም ይኸው ሻርፑ ሥር ይተነፍሳል። "ይሁን፣ ይተኛ" አለች።

ፎቶውን ከፈተች። እንደ ልማዷ ዓይኗን ከፎቶው ግርጌ፣ ቀኝ ማዕዘኑ ላይ ተከለች። ስድስት ሰከንድ ቆጠረች። አውራ ጣቷን አሳረፈች።

መዳፏ ቀላ። *የሰው እጅ አልተገኘም።*

እጇን በቀሚሷ ጠረገች። ላብ ይሆናል። እንደገና ማዕዘኑን አየች፣ ስድስት ቆጠረች፣ አሳረፈች።

*የሰው እጅ አልተገኘም። አንድ ሙከራ ይቀርዎታል።*

በዘጠኝ ዓመት ሥራዋ እንዲህ ያለ ነገር ደርሶባት አያውቅም። ሦስተኛው ካልተሳካ ዓይኗ ይዘጋል፤ ዓይኗ ከተዘጋ ደግሞ እስከ ዛሬ ያተመቻቸው አሥራ አንድ ሺህ ፎቶዎች ሁሉ በአንድ ጊዜ ይጠረጠራሉ። የሰዉ ጋብቻ፣ የቤቱ ወሰን፣ የሟቾቹ የመጨረሻ ፊት።

"ምን አለ?" አለ ረመዳን።

"ምንም። ኔትዎርክ ነው።"

"አቦ አትዋሺኝ! ፊትሽ እኮ አመድ መሰለ። የገንደ ቆሬ ሰፈርን ዓይን ልጥራው?"

"እርግዝናውን ያላየ ማተም አይችልም። ፈቃድ አስወጥቶ ማምጣት ደግሞ ሦስት ቀን ይፈጃል።" ተነሳች። ወደ በሩ ሄዳ ጫማዋን አጠለቀች። "እናንተ ወደ ጣቢያው ሂዱ። የሙቀት ደወሉ ሳይደወል ግቡና እዚያ ጠብቁኝ። እመጣለሁ።"

"ትመጫለሽ?"

"እመጣለሁ አልኩህ።"

ፈትያ ሻርፑን ይበልጥ ወደ ላይ ሳበችው።

ስምረት በድልድዩ ተሻግራ ወደ ከዚራ ሰፈር በረረች። ከመንገዱ በላይ የተዘረጉት የጥላ ሸራዎች ለቀትሩ መዘጋት ጀምረዋል። በዚህ ጭንቀት ልትሄድበት የምትችለው ሰው አንድ ብቻ ነው፤ ጋሽ ዱጋሳ፣ ከእሷ በፊት ሠላሳ አንድ ዓመት የሰፈሩ ዓይን የነበሩት፣ ሥራውን ያስተማሯት ሰው። ሁለት ዓመት ሙሉ ግን በራቸውን አልረገጠችም። የእትዬ አሰለፈች፣ የሚስታቸው ቀብር ላይ እንኳ ከኋላ ቆማ ነው የተመለሰችው።

ጋሽ ዱጋሳ አሮጌው የባቡር ሠራተኞች ግቢ ውስጥ፣ በረንዳቸው ላይ ፓፓያ ይልጣሉ። ግራ ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል። በአሥር ደቂቃ የሚነሳ ነገር ነው፤ "ለሰው ያየሁት ይበቃኛል" ብለው እምቢ አሉ።

"ማነው? በእግር አረማመድ ስምረትን ትመስያለሽ፤ ግን ስምረት እኛን ረስታናለች" አሉ ቢላዋውን ሳያቆሙ።

"ጋሼ፣ ሁለት ጊዜ መለሰኝ። የሰው እጅ አይደለሽም አለኝ።"

ቢላዋው ቆመ። "ግቢ።"

ግድግዳቸው ላይ መዳፏን እንድታሳርፍ አደረጓትና መዝገቧን ዘረጉት። የዘጠኝ ዓመት ዓይነ ውሃዎቿ በተርታ ፈሰሱ። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሞገዶች እንደ ኮረብታ ከፍ ዝቅ ይላሉ፤ አንዱ ይሾላል፣ አንዱ ይሰበራል። ጋሽ ዱጋሳ በደህናው ዓይናቸው ተጠግተው እያነበቡ ፈገግ አሉ።

"ይቺ የመጀመሪያዋ ናት። የነከድር ሰርግ። ልብሽ ከሙሽራዋ ልብ በላይ ነበር የዘለለው።"

ከዚያ ጣታቸው ግድግዳው ላይ ተጉዞ አንድ ቦታ ደረሰ። ከዚያ ቦታ ወዲህ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ኮረብታ የለም። አራት ሺህ ዓይነ ውሃ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት፣ በማስመሪያ የተሰመረ ይመስላል።

"ሰው እንዲህ አይመታም" አሉ።

"ታዲያ ሁለት ዓመት ለምን ተቀበለኝ?"

"ድሮ ዓይነ ውሃ የሚያስመስሉት ማሽኖች ዝም ያለ ልብ መሥራት አይሆንላቸውም ነበር፤ ያጋንኑታል። ዘንድሮ ተማሩ። ከማን እንደተማሩ እንጃ፤ እንዳንቺ ካሉት ይሆናል። አፑ አሁን ዝም ያለ ልብ ሲያይ በሩን ይዘጋል።" ወደ እሷ ዞሩ። "ምንድነው የምታደርጊው ስታትሚ?"

"አላየውም" አለች፤ ቃሉ ሳታስበው ወጣ። "ማዕዘኑን ነው የማየው። ግርጌውን። እስከ ስድስት እቆጥራለሁ።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

መመለስ አያስፈልግም፤ ቀኑ ግድግዳው ላይ ነው። ጥር አሥራ ሰባት። ሞገዱ ጠፍጣፋ ከመሆኑ በፊት ያለችው የመጨረሻዋ ኮረብታ ከሁሉም ትረዝማለች፤ የግድግዳውን ጫፍ ልትነካ ምንም አልቀራት።

የሮባ ፎቶ ናት።

ሮባ የጋሽ ዱጋሳ ብቸኛ ልጅ ነበር። ቀይ ባሕር ላይ ከተሠሩት ተንሳፋፊ ከተሞች በአንዱ ይሠራ ነበር፤ ከተማው በማዕበል ተገልብጦ ሰጠመ፣ አስከሬን አልተገኘም። ከአራት ወር በኋላ ከማን እንደተላከ የማይታወቅ ፎቶ መጣ። ሮባ ባሕር ዳርቻ ቆሞ ይስቃል። ጋሽ ዱጋሳ ሥራውን ለእሷ ካስረከቡ ቆይተዋል፤ ዓይን ቢሆኑም እንኳ የገዛ ሥጋቸውን ማተም አይፈቀድላቸውም ነበር፤ ስለዚህ ተማሪያቸውን ጠሩ። "አሰለፈች የሐዘን ድንኳን ትጥል ዘንድ ሰዉ ሁሉ ይጎተጉታታል። እባክሽ ልጄ፣ ይቺን አትሚልኝ" አሏት። ስምረት ሮባን በዚያ ዳርቻ አላየችውም። ባሕሩንም አይታ አታውቅም። ግን አስተማሪዋ ናቸው፤ ዳቦ ከሚስታቸው እጅ እየበላች ነው ሥራ የለመደችው። እንዴት ብላ እምቢ ትላለች? አውራ ጣቷን አሳረፈች። ያን ቀን ልቧ ከደረቷ የሚወጣ መስሏት ነበር። በማግሥቱ ማዕዘኑን ማየት ጀመረች።

ከውጭ የሙቀት ደወሉ ጮኸ። ስድስት ሰዓት። እስከ ስምንት ማንም እግረኛ መንገድ ላይ አይወጣም፤ በሮች በየተራ ሲቆለፉ ተሰማ።

"እነሱ ጣቢያው ውስጥ ናቸው" አለች ስምረት። "ባቡሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው። እኔ እዚህ ተቆለፍኩ።"

"ሁለት ሰዓት አለሽ። ተቀመጪ። ፓፓያ ብዪ።"

"ጋሼ! ፓፓያ?"

"ሆድሽ ባዶ ከሆነ እጅሽ በረሃብ ይንቀጠቀጥና በፍርሃት መስሎሽ ትሳሳቻለሽ።" ሳህኑን ገፉላት። ትንሽ ቆይተው፣ "ፎቶው የሮባ እንዳልሆነ አውቅ ነበር" አሉ።

ስምረት የያዘችው ቁራጭ ሳህኑ ላይ ወደቀ።

"ሠላሳ አንድ ዓመት ዓይን ነበርኩ እኮ ልጄ። ማሽን የሠራውን ከሩቅ አሸተዋለሁ። ግን ለአሰለፈች ብዬ... ለአሰለፈች አልኩ። ለራሴ ነበር። 'አይሆንም ጋሼ' እንድትይኝ ነበር የጠበቅሁት። ብትይኝ አለቅስና ይወጣልኝ ነበር።"

"እንዴት ብዬ ነው እርስዎን አይሆንም የምለው?"

"እሱን ነው ያላስተማርኩሽ።"

"እትዬ ግን አምና ሞተች። በእኔ ምክንያት ለልጇ ሳታለቅስ።" ያለቀሰችው አሁን ነው። "እስክትሞት ልጅሽ አለ ብዬ ዋሸኋት።"

"አሰለፈች?" ጋሽ ዱጋሳ ራሳቸውን ነቀነቁ። "የወለደች እናት ማሽን ያታልላታል? ልትሞት ሰሞን ነው የነገረችኝ። 'የእኔ ልጅ ሲስቅ ግራ ዓይኑ ቀድሞ ይጨፈናል፤ ይሄ እንግዳ ነው' አለችኝ። 'ታዲያ ለምን በየቀኑ አንስተሽ ታዪዋለሽ?' ስላት ፎቶውን ዘንበል አድርጋ ሞገዱን አሳየችኝ። 'እሱን አይደለም የማየው፤ ይቺን ነው። ይቺ ልጅ ስለእኛ እንዴት እንደደነገጠች!' አለችኝ።"

ስምረት እንባዋን በቀሚሷ ጫፍ ጠረገች። የማቀዝቀዣው ድምፅ ብቻ ያንሾካሹካል።

"ስለዚህ አፑ..." አለች ስምረት ቀስ ብላ። "ያን ቀን ውሸት ሳትም ተቀበለኝ። ዛሬ እውነተኛ ልጅ ይዤ ሄጄ መለሰኝ።"

"አፑ እውነትን ከየት አውቆ? መጀመሪያም አያውቅም ነበር። የሚያውቀው አንድ ነገር ነው፤ ከፎቶው ፊት 'ብሳሳትስ?' ብሎ የሚፈራ ሰው መኖሩን። ማሽን ሁሉን ይሠራል፣ መሳሳትን አይፈራም። የቀረው የእኛ ፋንታ ነው።"

"ፈርቼም እኮ ልሳሳት እችላለሁ።"

"ትችያለሽ። ለዚህ ነው ማዕዘኑን ትተሽ ልጁን ማየት ያለብሽ።"

ስምንት ሰዓት ላይ ደወሉ እንደገና ሲጮኽ ስምረት በሩ ላይ ቆማ ነበር። ጋሽ ዱጋሳ ከኋላዋ፣ "ስምረት፣" አሏት፣ "ስትጨርሺ ያቺን የሮባን ማኅተም አንሺልኝ። እኔ ዛሬ ድንኳን እከራያለሁ።"

ዓይን ያተመውን ማንሳት ይችላል፤ ምክንያቱን መናገር ግን አለበት፤ ምክንያቱ "አላየሁም" ከሆነ ይታገዳል። ይህን ሁለቱም ያውቃሉ። "እሺ ጋሼ" ብላ ሮጠች።

ከከተማው ወጣ ያለው ጣቢያ በሕሙማን ተሞልቷል። አልጋ ላይ የተኙ፣ በተሽከርካሪ ወንበር ያሉ፣ የሚያስታምሙ። ረመዳን ከሩቅ አያት፤ ሁለት እጁን እንደ ትራፊክ ፖሊስ ያወናጭፋል።

"አቦ የት ጠፋሽ! ሰው እየገባ ነው፤ ከበሩ ሁለቴ መለሱን!"

ፈትያ አግዳሚ ወንበር ላይ ሕፃኑን ታቅፋ ተቀምጣለች። ስምረት ፊቷ ተንበረከከች።

"ግለጪልኝ።"

"ነፋስ..."

"ፈትያ፣ ነፋስ የለም። ካላየሁት አላትምም።"

"ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ነው!" አለ ረመዳን።

"አውቃለሁ። አላትምም።" ለሰው እንዲህ ብላ አታውቅም።

ፈትያ ከንፈሯን ነክሳ ሻርፑን ገለጠች። ልጁ ነቅቷል። አያለቅስም፤ ለማልቀስ አቅም ያነሰው ይመስላል። ከንፈሮቹ ቀለም እንደጠጣ ወረቀት ሰማያዊ ናቸው፤ የጥፍሮቹ ሥርም እንዲሁ። ስምረት መዳፏን ዘርግታ ፎቶውን አየች፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ፎቶውን ራሱን። የፎቶው ልጅ ከንፈር እንደ ጽጌረዳ ነው። ጉንጩ ቀልቷል። ጤነኛ፣ ቆንጆ፣ የሌላ ሰው ልጅ።

"ምንድነው ይሄ?" አለች።

ፈትያ ማልቀስ ጀመረች። "ማሳመሪያው አፕ ላይ... ትንሽ ቀለም ነካ አደረግኩት። ሰው ምን ይለኛል ብዬ ነው። ዕድሜ ልኩን የሚይዘው ፎቶ ነው እኮ! ትምህርት ቤት ሲገባ፣ ሲያገባ... ሁሌ ሰማያዊ ሆኖ እንዲታይ ነው?"

"አቦ ፈትያ!" አለ ረመዳንና ወንበሩ ላይ ዘጭ አለ።

ስምረት መዳፏን ጨበጠች። ሆስፒታሉ ተራ የሚሰጠው በታተመው ፎቶ ነው፤ ሰማያዊ ከንፈር ያለው ቀድሞ ይገባል፣ ቀይ ከንፈር ያለው ወረፋ ይጠብቃል። ጠዋት አፑ ቢቀበላት ኖሮ ይህን ልጅ ከወረፋው ጭራ ላይ በገዛ አውራ ጣቷ ታስቀምጠው ነበር።

"እኔም ጠዋት ግለጪልኝ ማለት ነበረብኝ" አለች። "ያንቺ ብቻ አይደለም። ነይ፣ ቀና አድርጊው።"

አዲስ ፎቶ አነሳች። ማሳመሪያ የለ፣ ቀለም የለ። ፎቶውን ከልጁ ጎን ይዛ አንዱን ካንዱ አመሳከረች። የላይኛው ከንፈሩ መሀል ላይ ከመጥባት የመጣች ትንሽ ውሃ የቋጠረች ነገር አለች፤ ፎቶውም ላይ አለች። ግራ ቅንድቡ ከቀኙ ሳሳ ይላል። ይተነፍስና ይቆማል፤ ሲቆም የእሷም ትንፋሽ ይቆማል። እስከ ስድስት መቁጠሯን ረሳችው። ባይቀበለኝስ? አሥራ አንድ ሺህ ሰው... ብሳሳትስ? ይሄ ልጅ ባይመለስስ?

ልቧ ጆሮዋ ውስጥ ይደበድባል። አውራ ጣቷ መስመር እስኪስት ይንቀጠቀጣል። ሌላ ጊዜ ቢሆን እስኪረጋ ትጠብቅ ነበር። እየተንቀጠቀጠ አሳረፈችው።

መዳፏ ጠቆረ። የባቡሩ በሮች ሊዘጉ መሆኑን የሚናገር ድምፅ ከላይ መጣ። ረመዳን ከንፈሩ እየተንቀሳቀሰ ዱዓ ያደርጋል። መዳፏ አሁንም ጥቁር ነው። አሁንም።

*ዓይነ ውሃው አርፏል። የልጁን ስም ያስገቡ።*

"ስም! ስሙን ማን በሉት?"

"ሳቢር" አለች ፈትያ እንባዋን ሳትጠርግ።

"ሐሰን ብለን አልነበር የተስማማነው?" አለ ረመዳን።

"አንተ ሁሌ ስታረፍድ ነው። ሳቢር ነው፤ ዛሬ ከሁላችን የታገሠው እሱ ነው።"

ሮጡ። የመጨረሻው በር ላይ ረመዳን ዞሮ ፎቶውን ዘንበል አደረገና ሞገዱን አየ። "አቦ ስምረት፣ ይሄ ምን ዓይነት ማኅተም ነው? መኪና ላይ ሆነሽ የጻፍሽው ነው የሚመስለው!" ብሎ ጮኸ፤ እየሳቀ ይሁን እያለቀሰ ሳይለይ በሩ ተዘጋ።

ባቡሩ ድምፅ ሳያሰማ ሄደ። ስምረት ፈትያ የተቀመጠችበት አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። ሳቢር ይመለስ አይመለስ አታውቅም። አለማወቋ ደረቷን ይወጋታል፤ ሁለት ዓመት ሙሉ የሸሸችው ውጋት ይኸው ነው።

የጣቷ መንቀጥቀጥ ሳይቆም የሮባን ፎቶ ከፈተች። ወጣቱ ባሕር ዳርቻ ቆሞ ይስቃል። ሁለቱም ዓይኖቹ እኩል ተከፍተዋል፤ እትዬ አሰለፈች ልክ ነበረች። መዳፏን ዘንበል አደረገች። ሞገዱ ብልጭ አለ፤ ረጅም፣ የተሰባበረ፣ የደነገጠ።

አፑ ምክንያቱን ጠየቃት። "አላየሁትም" አለች ጮክ ብላ፤ አጠገቧ የነበሩ ሰዎች ዞር ብለው አዩዋት። የሠላሳ ቀን እገዳ እንደሚጠብቃት አስጠነቀቃት። አውራ ጣቷን አሳረፈች፤ ያለ ምንም ማንገራገር ተቀበላት።

ሞገዱ የደቻቱ አሸዋ ውሃ እንደሚመጥ ቀስ እያለ ከፎቶው ውስጥ ጠፋ። የቀረው ለስላሳ ፊትና ለስላሳ ባሕር ነው። ስምረት ደጋግማ ዘንበል አደረገችው፤ ውስጡ ማንም የለም። ከመጀመሪያውም በዚያ ፎቶ ውስጥ የነበረው ሰው የእሷ ድንጋጤ ብቻ ነበር።